የሃምሳው ጾመኛ

«ርብ ማዶ» የተባለው የሙዚቃ ቡድን ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ሊመለስ ነው የሚል ማስታወቂያ ወረታ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ እንግዳው መንገድ መውጣት አስጠልቶት ነበር። ያገኘው ሰው ሁሉ ትከሻውን መትቶ እንኳን ደስ አለህ ካለው በኋላ አንዲት ጥያቄ ያስከትላል። «ሰገንስ? አለችበት አይደል?»

እንግዳው ስሙ ነው፤ የቡድኑ ማሲንቆ መቺና መሪ ድምፃዊ ነው፤ መልስ የሚያጣ ሰው አይደለም። ለመጀመሪያው ጠያቂ ጉሮሮዋን አሟታል አለው። ለሁለተኛው ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ናት አለው። ለፀጉር አስተካካዩ ግን፣ ምላጩ ማጅራቱ ላይ ስለነበር ይሁን ምን ይሁን፣ «ባሏ አልፈቀደላትም» ብሎት አረፈ። ሰገን ባል የላትም። ወረታ ደግሞ ሦስት ውሸት ሳይተዋወቁ የሚኖሩባት ሰፊ ከተማ አይደለችም። ሳምንት ሳይሞላ ሦስቱ ጠያቂዎች አንድ ሻይ ቤት ተገናኝተው ሲስቁበት ሰማ።

አራት ነበሩ። እንግዳው በማሲንቆ፣ ቢተው በጊታር፣ አያልነህ በከበሮ፣ ሰገን በክራርና በድምፅ። የሚጫወቱት የጭፈራ ቤት ዘፈን አልነበረም። ገበሬው ሩዝ ሲያርም የሚያንጎራጉረውን፣ ከብት ከጎርፍ ሲሸሽ የሚዜመውን ይሰበስቡና በቢተው ጓዳ ተቀምጠው በአንዲት ስልክ ይቀርጹት ነበር። ቀረጻው ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል። ሰው ግን ወደደው። የሰገን ድምፅ የገባበትን ሁሉ የወረታ ሰው በስልኩ ይዞት ይዞር ነበር።

እንግዳው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነው። ማሲንቆ ሲያነሳ አባቱ «ቤቴን የአዝማሪ ቤት አደረግኸው» ብለው ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል። ያን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ የምታጽናናው ሰገን ነበረች። የሸክላ ሠሪዋ የካሰች ልጅ ናት። «እኛስ ለምደነዋል፤ አንተም ትለምደዋለህ» አለችው አንድ ቀን እየሳቀች። እሱም ሳቀ። «እኛ» ያለችው ማንን እንደሆነ ግን ሳይጠይቃት ቀረ፤ ያውቅ ነበርና።

እንግዲህ ወደ ሐሙሲቱ ነገር እንምጣ፤ መቼም አይቀርልን።

የዛሬ አራት ዓመት በጥር፣ በሰርጉ ሰሞን፣ ሐሙሲት አንድ አዳራሽ ውስጥ እየተጫወቱ ነበር። ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። ፊት ወንበር ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ እጁን አነሳና «ተቀበል!» አለ። ማሲንቆ ለያዘ ሰው ይህች ቃል ትእዛዝ ናት። ታዳሚ ግጥም ይሰጣል፤ መቺው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ሰውዬው በአገጩ ወደ ሰገን አመለከተና የመጀመሪያዋን ስንኝ ሰጠ። እንግዳው ተቀበለ፦

«ድምጿስ መልካም ነበር ቢወጣ በሸክላ፣»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሸክላ ማለት ያ የጥንቱ የዘፈን ሸክላ ነው ብሎ ያላሰበ አልነበረም፤ ሰገንም ራሷ ፈገግ ብላ ነበር። ሰውዬው ሁለተኛዋን ጣለ፦

«ዓይኗን ብቻ ያዙት ሰውን እንዳይበላ።»

ስንኝ ከሰጪው አፍ ወጥቶ ከተቀባዩ አፍ እስኪገባ አንዲት ትንፋሽ ትበቃለች። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እንግዳው ሁሉም ነገር ገባው። ሸክላው የዘፈን ሸክላ አልነበረም። የእናቷ ሸክላ ነበር። ዓይኑም ስለ ፍቅር የሚነሳው ዓይን አልነበረም። ሰው ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ከኋላው ሆኖ የሚጠራበት፣ ልጁን ነጠላ አልብሶ የሚሸሽበት ያ ዓይን ነበር። ደጋኑን ረዘም አድርጎ ስቦ በሳል አሳብቦ ማለፍ ይችል ነበር። ማሲንቆ መቺ ሁሉ ያንን ያውቃል፤ ክፉ ስንኝ እንዲህ ነው የሚዋጠው። ነገር ግን አዳራሹ እየተነሳ ነበር፣ እልልታው ተጀምሯል፣ እሱም እልልታ ይወዳል።

ዘፈነው። ወደዱለት። ደገመው። በሦስተኛው ጊዜ ዓይኑን ጠቀሰ።

ሰገን መምታቷን አላቋረጠችም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አጀበችው፣ ስህተት እንኳ አልሠራችም። ከዚያ መድረኩ ጥግ ቁጭ ብላ የክራሯን ክሮች አንድ በአንድ አላላች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችውና ወጣች። ወደ ወረታ ሲመለሱ እንግዳው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሰገን ከኋላው ነበረች። ዞር አላለም።

በማግስቱ ቢተው አፋጠጠው። «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትቀበል?»

«ሳይገባኝ ነው» አለ እንግዳው። «በእግዜር፣ ሳይገባኝ ነው።»

እንጀራው ሰምና ወርቅ የሆነ ሰው፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ወርቁን የሚያሸት ሰው፣ ሳይገባኝ ነው አለ። ከክፉና ከጅል አንዱን ምረጥ ቢሉት ጅሉን መረጠ። ቢተው ደግሞ የዋህ ነውና አመነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ባልከፋ። አንዱ ቀርጾት ኖሮ ስልክ ለስልክ ዞረ። ካሰች ይፋግ ገበያ ድስትና ማሰሮዋን ይዛ ስትደርስ ጎረምሶች «ዓይኗን ብቻ ያዙት!» እያሉ ይዘፍኑባት ጀመር፤ በእንግዳው ዜማ፣ በእንግዳው አቆራረጥ። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ነጠላቸውን ይስባሉ። ካሰች ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችበትን ቦታ ትታ ከገበያው ዳር ከአህዮቹ መቆሚያ አጠገብ መሸጥ ያዘች። እንግዳው አንድ ቀን እዚያ አያት። አጎንብሳ ማሰሮ ታስተካክላለች። ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይፋግ ገበያ አልሄደም፤ ማሲንቆውንም ሰቀለው። ሰው ሲጠይቀው «ስሜቱ ጠፋብኝ» ይላል። እፍረት ማለት እንኳ አልሆነለትም።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ የመንገዱ ስጋት ጋብ ሲል ቢተውና አያልነህ መጥተው እንመለስ አሉት። ቀኑም ተቆረጠ፤ የጰራቅሊጦስ እሁድ፣ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ ከቀኑ በስምንት ሰዓት። ግን ያለ ሰገን የሆነ እንደሆነ ቢተው ጊታሩን አያነሳም።

«አንተ ራስህ ሂድና ለምናት» አለው። «ሳይገባህ ያልኸው ነገር እንደሆነ ንገራት። እኔ ለሰው ሁሉ ስነግርልህ ኖሬያለሁ፣ ለእሷ ግን ካንተ አፍ ነው የሚያምር።»

እንግዳው እንዲያ መታመኑ አሳፈረው። ቢሆንም እሽ አለ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሄደ። የካሰች ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሦስት ዓመት አብረው ሲጫወቱ እንግዳው ሰገንን እዚህ መንገድ ላይ ቆሞ በስልክ ይጠራት ነበር እንጂ አንድም ቀን አጥሩን አልፎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆም አያውቅም። ሜዳው ለሩዝ እየታረሰ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጥቁሩ አፈር ጫማው ላይ ተጣብቆበታል።

ካሰች ግቢው ውስጥ ተቀምጣ የድስት አፍ በድንጋይ ታለሰልስ ነበር። ሰገን ጭቃ ታቦካለች። ክራሯ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ክር የለውም።

«እንግዳው ነህ?» አለች ካሰች ቀና ብላ። «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል ከፀሐይ!»

በርጩማ ሰጠችው። ስድብ ጠብቆ ነበር የመጣው፤ ለስድብ መልስ አዘጋጅቷል። ለበርጩማ ግን አላዘጋጀም። መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው የመጣውን እንዳለ ዘረገፈው። «እትየ ካሰች፣ ያኔ ስለሆነው ነገር ይቅርታ ልልዎት ነው የመጣሁ። ሳይገባኝ ነው የተቀበልሁት። እግዜር ምስክሬ ነው።»

ሰገን እጇን ከጭቃው አወጣች። «አልገባህም ነበር?»

«አልገባኝም።»

ረጅም ጊዜ አየችው። እንግዳው ዓይኑን ድስቱ ላይ ተከለ።

«ካልገባህስ ምን ታደርግ» አለች ካሰች። «አራት ዓመት ሙሉ ይህን ለማለት ነው የፈራኸን? በል ይሁን፣ እግዜር ይቅር ይበለን። ሰገን፣ ተነሽ እጅሽን ታጠቢና ምሳ አቅርቢለት። ይህን ያህል መንገድ በእግሩ መጥቶ።»

እንዲህ ቀላል ነበር። እናትየው ይቅር ብላዋለች፤ ልጅቷም እጇን እየታጠበች ነው። የሩዝ እንጀራ ወጣ፣ አጠገቡ በቅል እርጎ ተቀመጠ። ከእንግዳው የሚጠበቀው እጁን ዘርግቶ መብላት ብቻ ነበር።

«አይ፣ አይድከሙ፣» አለ እንግዳው፣ «ጾም ነኝ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ራሱ አላሰበውም። ልጅ ሳለ እናቱ ወይዘሮ ፍሬህይወት ማሰሮ ሊገዙ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ይዘውት ሲሄዱ አጥር ሥር ጎንበስ ብለው በጆሮው የሚነግሩት ነገር ነበር። «ብላ ካሉህ ጾም ነኝ በል። እሽ?» እሱም እሽ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም እሽ አለ።

የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ፋሲካ ካለፈ አምስት ሳምንት ነው፤ በዓለ ሃምሳ ነው። በሃምሳው ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ መነኩሴውም ይበላል። ማክሰኞ ቀን፣ በሃምሳ፣ ጾም ነኝ አለ።

የካሰች እጅ እንጀራውን እንደቆረሰ አየር ላይ ቀረ። ሰገን ሳቅ አመለጣት፣ ግን ሳቁ ወዲያው ደረቀ። «እማየ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች።

«ተይው ልጀ» አለች ካሰች። እንጀራውን መልሳ ከደነችው፤ ቀስ ብላ፣ እንግዳ እንዳያፍር የምትጠነቀቅ ይመስል። ከዚያም ለእንግዳው «በል እንግዲህ ሂድ፣ እንዳይመሽብህ» አለችው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

እንግዳው ወደ ወረታ ሲመለስ ሰው ባያየው ደስ ባለው። የሐሙሲቱን እንኳ ሰው አታለለኝ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞክሮ ነበር። ይኸኛውን ግን ማንም አልሰጠውም። ራሱ ውስጥ የነበረ ነው፤ ከሰገን ጎን ተቀምጦ ሲዘፍን በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ እዚያው ነበር። ለቢተው «እናስብበት ብላለች» አለው። ስለ ሰገን አራተኛ ውሸት። ቢተውም ተስፋ አድርጎ ጊታሩን አነሳ።

የጰራቅሊጦስ እሁድ ስምንት ሰዓት ሳይሆን የወረታው አዳራሽ ሞላ። ሰው ወንበር ከየቤቱ አምጥቶ ነበር። አያልነህ ከበሮውን ሲመታ፣ ቢተው ሲከተለው፣ እንግዳው ደጋኑን ስቦ የጎርፉን ዜማ ሲያነሳ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አብሮ ተነሳ። ዘፈኑን አልረሱትም። ደስ ይላል፤ ለምን ይዋሻል፣ እንግዳውም ደስ ብሎት ነበር። የክራሩ ተራ ሲደርስ ግን ባዶ ቦታ ይመጣል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያንን ባዶ ያዳምጣል፤ እንግዳውም ያንን ላለመስማት ደጋኑን ያፈጥናል።

አምስተኛው ዘፈን ላይ በሩ አጠገብ አያቸው። ካሰችና ሰገን ቆመዋል። አጠገባቸው ያለው አግዳሚ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ጠጋ አሉ፤ ቦታ ለመስጠት ይሁን ለመራቅ አያስታውቅም። እናትና ልጅ አልተቀመጡም።

ሰገን እጇን አነሳች።

«ተቀበል!»

ድምጿን ያላወቀ አልነበረም። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ሰው እየተዟዟረ አያት። ቢተው ፊቱ በራ። እንግዳው ግን ደጋኑን ከክሩ አነሳ። አልሰማሁም ማለት ይችላል። ጫጫታ ነበር። ሰገን ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀችና ስንኟን ጣለች። እሱም ተቀበለ፦

«እንግዳዬ ጾመ በበዓለ ሃምሳ፣»

ሕዝቡ ፈነዳ። በሃምሳ የሚጾም እንግዳ! ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። የስሙን ነገር ያጤኑት ወጣቶች ደግሞ «እንግዳው! እንግዳው ነው!» እያሉ በጣታቸው ያሳዩት ጀመር፤ እንዲሁ ለቀልድ የተጣለች መስሏቸው። እንግዳው ሁለተኛዋ ሳትመጣ ወዴት እንደምትሄድ ገብቶታል። ሰገን ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ሰጠችው።

ትንፋሿ አሁንም አንዲት ነበረች። ደጋኑን አርዝሞ መሳብ፣ መሳል፣ ማለፍ። የሐሙሲቱን እልልታ ለማግኘት ሲል ያላደረጋትን ዛሬ ራሱን ለማዳን ሊያደርጋት ይችል ነበር። አላደረጋትም። ተቀበለ፦

«ሰው በልቶ ለመጣ ምን ያደርጋል ምሳ።»

መጀመሪያ ሳቁ ቀጠለ፤ ከዚያ ከበሩ ወገን እየቀነሰ ወደ ፊት መጣ። የሐሙሲቱን ስንኝ በስልኩ ያልሰማ የወረታ ሰው አልነበረም። ሰው የሚበላው ማን እንደሆነ አሁን ገባቸው። እንግዳው ደገመው። ማንም አላስደገመውም፤ ግን ያኔ ሦስት ጊዜ ነበር፣ ዛሬም ሦስት ጊዜ ዘፈነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰባበረ።

ደጋኑን አወረደ።

«ሐሙሲት ላይ ገብቶኝ ነበር» አለ። ማይኩ ቅርብ ስለነበር ከአሰበው በላይ ጮኾ ወጣ። «ሳይገባኝ ነው ያልሁት ውሸቴን ነው። ገብቶኝ ነው የዘፈንሁት። ደስ ብሏችሁ ስለነበር።»

ማንም አላጨበጨበም። ያችን ቪዲዮ ሲያዩ የሳቁት ብዙዎቹ እዚያው ነበሩ፤ እነሱም ወደ መሬት ያዩ ጀመር። እንግዳው ወደ በሩ ሲመለከት እናትና ልጅ አልነበሩም። የቀሩትን ሦስት ዘፈኖች ተጫወቱ፤ ሰው በትሕትና ሰማቸው፣ በጊዜም ወደ ቤቱ ገባ።

ዕቃ ሲሰበስቡ ቢተው አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ። «አራት ዓመት ሙሉ ስምልልህ ነበር» አለ። ጊታሩን አንግቦ ከአያልነህ ጋር ሄደ።

ሌሊቱን በእንግዳው ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ሰኞ ጧት ምንም ሳይቀምስ ተነሳ። ዛሬ የሚበላው እዚያ ነው፤ የሰጡትን፣ ከሰጡት። ቢሰድቡት ሰምቶ ይበላል፤ ቢያባርሩት በር ላይ ይቆማል። በዚያ በጥቁሩ አፈር ላይ እየተንሸራተተ ሄደ። ዛሬ መንገድ ላይ ቆሞ ስልክ አልደወለም። አጥሩን አልፎ ገባ።

ካሰች ድስቶቿን ፀሐይ ላይ ትደረድራለች። ሰገን ቀና ብላ አይታው ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

«እትየ ካሰች፣» አለ እንግዳው፣ «ምሳ ልበላ ነው የመጣሁ።»

ካሰች የያዘችውን ድስት ቀስ ብላ አስቀመጠች። አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም።

«ዛሬ እንኳ እኛ ነን ጾመኞቹ» አለችው።

 እውነቷን ነው፤ ሃምሳው ትናንት በጰራቅሊጦስ አብቅቷል፣ ዛሬ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። በእንግዳው ቤትም እናቱን እህል ሳይቀምሱ ነው ጧት የተዋቸው። ቀኑን እንደገና ረስቶታል። ግን ያንን ብቻ ማለቷ ነው? ወይስ ካንተ ጋር አንበላም ማለቷ ነው? እንግዳው የማሲንቆ ሰው ነው፣ በሕይወቱ ሙሉ ወርቅ ሲፈልግ የኖረ። የካሰችን ፊት አየ፣ የሰገንን ጀርባ አየ፣ ስንኟን በልቡ ደጋግሞ አገላበጣት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእውነት፣ አልገባውም።

«ስንት ሰዓት ነው የምትፈቱት?» አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች ካሰች፣ ወደ ድስቶቿ ተመልሳ።

ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። እንግዳው ባለፈው የተቀመጠባትን በርጩማ ፈለገ፤ ከቤት ውስጥ ገብታለች፣ ማንም አላወጣለትም። ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ክር ከሌለው ክራር በታች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ።